ጎኑን የዞረው ወታደር

ቦሌ መንገድ ላይ ያሉትን የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው የዓድዋን ሥዕል ሳያገኝ አይመለስም። በፍየል ቆዳ ላይ አለ፤ በሸራ ላይ አለ፤ በሻይ ማቅረቢያ ትሪ ላይ አለ፤ አሁን አሁን ደግሞ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ሆኖ መጥቷል። ሥዕሉ ያው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከደመናው ላይ ጦሩን ይሰብቃል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከጥላ ሥር ናቸው፤ እቴጌይቱ ፈረስ ላይ ሆነው ሽጉጥ ጨብጠዋል። በአንድ ወገን እኛ፣ በሌላው ወገን እነሱ፣ መካከል ላይ ጭስ። እኛ ፊት ለፊት ስለምናይ ሁለት ዓይናችን ይታያል። እነሱ ጎናቸውን ዞረው ስለተሣሉ ሁሉም ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ሕጉ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ ነው፤ ደግ ሰው ሙሉ ፊቱን ይሰጣል፣ ክፉ ሰው ጎኑን።

ሥዕሉን ንቄ አይደለም። መጀመሪያ የሣሉት ሰዎች የሚሠሩትን ያውቁ ነበር። ፊደል ላልቆጠረ ተመልካች ማን ከማን ጋር እንደቆመ ባንድ አፍታ መንገር ነበረባቸው፤ ነገሩም። ቅሬታዬ ከአሥር ሺሕኛው ቅጂ ጋር ነው። ቅጂ የሚሠራ ሰው ከፊቱ ያለውን ሥዕል እንጂ ጦርነቱን አያይም፤ ስለዚህ በየቅጂው አንድ ነገር እየወደቀ ይሄዳል። መጀመሪያ ጠመንጃው ይወድቃል፤ ቀጥሎ በቅሎው፤ ቀጥሎ ውኃ የተሸከመችው ሴት። መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ጎፈር፣ ጋሻና ጦር ነው። የካቲት 23 ቀን አደባባይ የሚወጣውን ወጣት ተመልከቱት እስቲ! የቻለ ሁሉ ጎፈር አድርጓል። ጎፈር እኮ ጀብዱ የሠራ ሰው ምልክት ነው እንጂ የዘመቻ ዩኒፎርም አልነበረም። ሁሉም ጎፈር ካደረገ በቅሎውን የጫነው ማን ነበር?

ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ነው። ደብሊን ከተማ ስምንት ዓመት ኖሮ ተመልሶ አሁን ገርጂ ይኖራል። እንጀራው ማኬት መሥራት ነው። ቦሌና ሰሚት ላይ የሚገነቡ አፓርታማዎች ገና መሠረታቸው ሳይቆፈር በመሸጫው ቢሮ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚታዩት፣ ዛፋቸው የስፖንጅ፣ መኪናቸው የፕላስቲክ የሆኑት፣ የእሱና የመሰሎቹ እጅ ሥራ ናቸው። (እግረ መንገዴን፦ በነዚያ ማኬቶች ውስጥ ዘበኛ አይቼ አላውቅም። ጉሊት የለም፤ ሊስትሮ የለም። ሰዎቹ ሁሉ ነጭና ፊት አልባ ሆነው ወደ መዋኛው ገንዳ ይሄዳሉ።) ማታ ማታ ግን ልጁ ሌላ ሥራ አለው። የዓድዋን ጦር ይሠራል። የአንዱ ወታደር ቁመት 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአውራ ጣት አንጓ አይበልጥም።

የልጅ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የፕሩሲያ መኮንኖች ከ1824 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠረጴዛ ላይ ጦርነት ይማሩ ነበር። ልብ ወለድ ጸሐፊው ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ በ1913 እ.ኤ.አ. የአሻንጉሊት ወታደሮችን ወለል ላይ አሰልፎ የሚዋጋበትን ሕግ በመጽሐፍ አሳተመ፤ በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። እኛም ብንሆን ለነገሩ አዲስ አይደለንም። በድሮው ሰንጠረዥ የመክፈቻው ክፍል «ወረራ» ይባል ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እጃቸው እንደፈጠነ ያሰልፋሉ። የፈረንጅ ቼዝ ከዚህ ጋር ሲተያይ የቢሮ ወረፋ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ሰው አይሠራም። አንዱ ምስል ሐምሳ ሰው ይወክላል። ዓድዋ ላይ ኢጣሊያ ያሰለፈችው 17,700 ያህል ሰው ነበር፤ በሐምሳ ሲካፈል 354 ምስል ይሆናል። የእኛ ጦር መቶ ሺሕ ገደማ ነበር ብንል 2,000 ምስል። ልጁ እስካሁን የጄኔራል አልቤርቶኔን ብርጌድና ከእኛ ወገን 200 ያህል ሠርቷል። ችግሩ ቀለም ወይም ገንዘብ አይደለም። ችግሩ እያንዳንዱ ምስል ጥያቄ መጠየቁ ነው። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣ ሸማ የካቲት ላይ ዓድዋ ሲደርስ ምን መልክ ይኖረዋል? ነጭ? ኧረ ተው! አምስት ወር ሙሉ መሬት የተተኛበት፣ ዝናብ የመታው፣ አቧራ የጠጣ ሸማ ነው። ስለዚህ ልጁ ሸማዎቹን በሙሉ የአፈር መልክ ቀባቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቸው የእኛ ሰዎች አልመሰሉኝም። እንዲያውም ለካ የእኛ ሰዎች እንዲህ ነበሩ አልኩ፤ ሥዕሉ እኮ ሁሉንም ለበዓል አስለብሶ ነው የላካቸው።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን የሆሜርን የመርከብ ዝርዝር ለተማሪ ማስነበብ ፈተና ነበር። ማን ከየት መጣ፣ ስንት መርከብ ይዞ መጣ፣ አለቃው ማን ነው… ይቀጥላል። ተማሪው ያዛጋል። ዝርዝሩ ግን ድርሰቱ የቆመበት መሬት ነው። የእኛም ፎካሪ ሲፎክር ይዘረዝራል፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ፈረሱ ማን እንደሚባል፣ በምን መሣሪያ የት እንደዋለ። ጽሕፈት ሚኒስትሩ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክን ዘመን ታሪክ ሲጽፉም፣ በልጅነታቸው ዓድዋ ላይ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የሕይወት ታሪካቸውን ሲተርኩም ዓይናቸው ከዝርዝሩ አይነቀልም። የእህቴ ልጅ እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ያነበበው ለፈተና ብሎ አይደለም፤ ለቀለም ብሎ ነው። እኔ በዘመኔ ያን ያህል በትጋት ያነበበ ተማሪ ብዙ አላየሁም። በየአዛዡ ምስል መቆሚያ ላይ የፈረስ ስሙን በቀጭን ብሩሽ ጽፎበታል፤ አባ ነጋ፣ አባ ቃኘው፣ አባ ጎራ።

ዋናው መጽሐፉ ግን የፈረንጅ ነው። ኦስፕሬይ የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣት፣ ሾን ማክላክላን የጻፋት፣ ሐምሳ ገጽ የማትሞላ ስለ ዓድዋ ዘመቻ ሠራዊቶች የምታወራ መጽሐፍ ናት። እንዲህ ያሉት ቀጫጭን መጻሕፍት በዓለም ዙሪያ የጠረጴዛ ጦር የሚሠሩ ሰዎች መዝሙረ ዳዊት ናቸው። ማን ምን ለበሰ፣ ምን ታጠቀ፣ ዝናሩ በየት በኩል ዞረ… ሁሉ ባለ ቀለም ሥዕል ከነማብራሪያው አለ። ጥንቃቄዋን አደንቃለሁ። ግን ሽፋኑ ላይ ካለው ንዑስ ርእስ ጋር አልታረቅም፤ «የኢጣሊያ ጥፋት በኢትዮጵያ» ይላል። አያችሁ? ድል የሚባል ቃል የለም። ጥፋት ደረሰ፤ የደረሰውም በኢጣሊያ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩ የደረሰበት ቦታ ናት። ልክ «ከባድ አደጋ በደብረ ዘይት መንገድ» እንደማለት። የእኛ ሥዕል ኢጣሊያኑን ጎኑን አዙሮ አንድ ዓይን ነሣው፤ ይህ ርእስ ደግሞ እኛን መልክዓ ምድር አደረገን። ማን ይብሳል?

ሆኖም ቁጥሩን ስትከተሉ ወደ እውነቱ መምጣታችሁ አይቀርም። ባለ ጦርና ባለ ጋሻ የሆነው የዓድዋ ጦር የቲሸርት ፈጠራ ነው። አብዛኛው ሰው ጠመንጃ ነበረው። ጠመንጃውም በአማርኛ ስም ነበረው፤ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ውጅግራ ሆኗል፤ የእንግሊዙ «ስናይደር» ሰናድር ሆኗል። ሰናድር መቅደላ ላይ ነው የተዋወቀን፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ የፊታውራሪ ገብርዬን ጦር የፈጀው እሱ ነው። በ28 ዓመት ውስጥ የገደለንን መሣሪያ ስም አማርኛ አድርገን፣ ገዝተን፣ ታጥቀን፣ ዓድዋ ወረድን። ይህን ጉዞ ጦርና ጋሻ አይነግራችሁም። ጦርና ጋሻ የሚነግራችሁ ድሉ ተአምር እንደነበር ነው።

ሴቶቹ ደግሞ አሉ። በገበያ የሚሸጥ ውኃ የተሸከመች የዓድዋ ሴት ምስል የለም። ልጁ ለሱዳን ጦርነት የተሠሩ ወታደሮችን እየገዛ ነው የሚቀይረው፤ ለሴቶቹ ግን የሚቀየር እንኳ አላገኘም። ሁለት ዓይነት ሊጥ ተቀላቅሎ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ማጣበቂያ አለ፤ በመርፌ ጫፍ እየቀረጸ ከእሱ ሠራቸው። መቐለ ላይ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ የተያዘው ውኃው ስለተቆረጠ ነው፤ የእቴጌይቱ ምክር ነው ይባላል። ዓድዋ ላይም እቴጌይቱ ውኃ አመላላሽ ሴቶችን ራሳቸው አሰማርተዋል። ውኃ ጦርነት የሚያሸንፍ ከሆነ ውኃ የሌለበት የዓድዋ ሥዕል የትኛውን ጦርነት ነው የሚያሳየን?

አንድ ቅዳሜ ማታ ሲጫወቱ ተገኝቻለሁ። ሦስት ጎረምሶች፣ አንድ እኔ፣ አንድ ኪሎ ቆሎ። ተራሮቹ ከማኬቱ ትርፍራፊ ስፖንጅ የተቆረጡ ናቸው። ዕጣ ሲወጣ ኢጣሊያ የደረሰው ልጅ ፊቱ ጠቆረ፤ «እኔ በዓድዋ ላይ ባንዳ ልሆን?» አለ። አባበሉትና ተቀመጠ። ከተቀመጠ በኋላ ግን አሳረረን! እንደምታውቁት ባራቲዬሪ ለጄኔራሎቹ ያደለው ንድፍ ካርታ ስሕተት ነበረበት፤ የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ስም ያለቦታው ተጽፎ ነበር። አልቤርቶኔ በሌሊት ስሙን ተከትሎ ከጓዶቹ ርቆ ገባና ብቻውን ቀረ፤ ተማረከም። ጎረምሳው ይህን ከትምህርት ቤት ያውቃል። አልቤርቶኔን ንቅንቅ አላደረገውም። ሁሉንም ብርጌድ አንድ ላይ አጥብቆ ከተራራው ሥር ተቀመጠና «ኑ!» አለን።

አሁን እንግዲህ የእኛ ወገን ችግር ወጣ። ሁለቱም ጦር ስንቁ እያለቀበት ነበር። በጨዋታው ሕግ የእኛ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶታል፤ የእነሱም እንደዚያው። ቀድሞ የተራበ ይሸሻል። ሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሆን አንድ ጥይት አልተተኮሰም፤ ጎረምሶቹ ስለ በሶና ስለ በቅሎ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየካቲት ንግግር ስሰማ አንድም ቀን ልንሸነፍ እንችል እንደነበር የነገረኝ ሰው የለም። ሽንፈት የሚቻል ነገር ከሆነ ደግሞ የገበሬው ስንቅ፣ የሰላዩ ወሬ፣ የውኃ ተሸካሚዋ ወገብ ዋጋ አለው። ካልሆነ ሁሉም ነገር ከደመናው ላይ ተወስኖ ነበር ማለት ነው፤ ከታች ያለው ሰው ታዲያ ለምን ሞተ? (ልጁ ከዚያ ወዲህ ሕጉን አሻሽሏል፤ የካርታው ስሕተት በዳይስ ይወጣል።)

ደብሊን ውስጥ ይህን ሙያ ያስተማሩት ሰዎች የሚሠሩት ሌላ ጦር ነበር፤ በ1690 እ.ኤ.አ. በቦይን ወንዝ ላይ የተዋጉትን የንጉሥ ዊልያምንና የንጉሥ ጄምስን። ቤልፋስት ከተማ ንጉሥ ዊልያም በየቤቱ ግድግዳ ላይ በነጭ ፈረስ ሆኖ ተሥሎ ይታያል፤ የእኛን ሥዕል ለሚያውቅ ሰው ፈረሱ እንግዳ አይሆንበትም። በግድግዳው ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አንዱ ወገን ፕሮቴስታንት፣ ሌላው ካቶሊክ፤ አንዱ ለብሪታንያ፣ ሌላው ለአየርላንድ። ጦሩን አንድ በአንድ ቀለም መቀባት ሲጀመር ግን ነገሩ ይተረማመሳል። ከዊልያም ጦር ውስጥ ሆላንዶች አሉ፣ ዴንማርኮች አሉ፣ ከአገራቸው የተሰደዱ ፈረንሳዮች አሉ፤ የሆላንዱ ዘብ ኮቱ ሰማያዊ ነው። ቀይ ኮት ደግሞ ከሁለቱም ወገን አለ። እንዳይጋደሉ ምልክት አስፈለገ፤ የጄምስ ሰዎች ባርኔጣቸው ላይ ነጭ ወረቀት ሰኩ፣ የዊልያም ሰዎች አረንጓዴ ቅጠል። አረንጓዴ! ዛሬ አየርላንዳዊ ነኝ የሚል ሁሉ የሚለብሰውን ቀለም ያን ቀን የሰካው የዊልያም ጦር ነበር። ያችን ቅጠል በብሩሽ የነካ ሰው ግድግዳውን እንደ ድሮው ማየት አይችልም።

የአየርላንዶቹ ሌላም ጣጣ አለባቸው፤ እሱ ደግሞ እኛን ይነካል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የመቅደላን አጥር ጥሰው መጀመሪያ የገቡት ሁለት ወታደሮች፣ ጄምስ በርጊንና ከበሮ መቺው ማይክል ማግነር፣ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸልመዋል። ሁለቱም የአየርላንድ ተወላጆች ናቸው። አገራቸው በእንግሊዝ ተይዛ፣ የእንግሊዝ ኮት ለብሰው፣ የእኛን ንጉሥ አምባ ወጡ። ነጻ የወጣች አየርላንድ እንዲህ ያሉ ልጆቿን ምን ታድርጋቸው? ለረጅም ዘመን መልሱ ዝም ማለት ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ለሞቱት አየርላንዳውያን ደብሊን አይላንድብሪጅ ላይ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መታሰቢያ ተሠራ፤ ከዚያ ቸል ተባለ፤ በይፋ የተመረቀው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ሐምሳ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

የእኛዎቹስ? ዓድዋ ላይ ከዘመተው 17,700 የኢጣሊያ ጦር ውስጥ 7,000 ያህሉ አስካሪ ነበር። የሐማሴን ልጅ፣ የሠራዬ ልጅ፣ የአካለ ጉዛይ ልጅ፤ ከመረብ ወዲህ ያለም አይጠፋበትም። የአልቤርቶኔ ብርጌድ፣ ማለትም በዚያ ሌሊት ብቻውን ወደፊት የገባውና መጀመሪያ የተመታው፣ አብዛኛው አስካሪ ነበር። የእህቴ ልጅ ጠረጴዛ ላይ የቆሙት 80 ምስሎች እነሱ ናቸው። ቀይ ታርቡሽ፣ ነጭ ልብስ፣ ወገቡ ላይ መቀነት፤ የመቀነቱ ቀለም ሻለቃውን ይለያል። ፊታቸውን ለመቀባት የተጠቀመበት ቡናማ ለእኛ ወገን የተጠቀመበት ያው ቡናማ ነው፤ ከአንድ ብልቃጥ። ሌላ ምን ያድርግ? ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪም ከኢጣሊያ ጋር ቆይተው ወደ ምኒልክ የዞሩት ውጊያው ሊደረግ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። እንዲያ ያለው ሰው በሥዕሉ ሕግ እንዴት ይሣላል? የካቲት መግቢያ ላይ ጎኑን፣ መጨረሻው ላይ ፊት ለፊት?

ጠረጴዛው ላይ ጎኑን የዞረ ወታደር የለም። ምስሉ ድፍን ነው፤ ከፈለጋችሁ ዞራችሁ ታዩታላችሁ፣ ሁለት ዓይን አለው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ትግራይና ዓድዋ ከተማ ራሷ ምን እንዳዩ እናውቃለን፤ በዚያን ጊዜ ማን ማንን ጎኑን አዙሮ ሲሥለው እንደነበርም፣ በየቴሌቪዥኑ፣ በየስልኩ፣ እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ በስጦታ ዕቃ መደብር መስኮት ላይ ያቺን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ላይ ወርዶ ቀይ ቆብ ያደረገውን ባለ አንድ ዓይን ይፈልጋል።

ለጠረጴዛው ግን የሚገባውን ያህል ብቻ ነው የማመሰግነው። ጨዋታው ሲመሽ ያልቃል። ጄኔራል ዳቦርሚዳ ማርያም ሸዊቶ ላይ ይሞታል፣ አሪሞንዲ ይሞታል፣ አልቤርቶኔ ይማረካል፣ ነጥብ ይደመራል፣ ምስሎቹ ወደ ሣጥናቸው ይገባሉ። በማግስቱ የሆነው ጠረጴዛ ላይ የለም። የተማረኩት ኢጣሊያኖች አዲስ አበባ ድረስ ተወስደው፣ ውሉ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የተማረኩት አስካሪዎች ግን በከሃዲ ሕግ ተፈረደባቸው፤ 800 ያህሉ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ሥዕሉ ይህን አይሥልም። የየካቲት ንግግርም አያነሣውም። ባለፈው ሰሞን ልጁን ስለነሱ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ አስቤበታለሁ፤ ለሐምሳ ሳካፍለው 16 ይመጣል» አለኝ። እስካሁን አልሠራቸውም።